ምዕራፍ አራት፦ ከመድኃኒቱ ፊቱ

አንዲት እናት ናቸው እንበል። በምዕራብ ሐረርጌ ከምትገኘው የአሰቦት ከተማ ወጣ ካለ የቆላ ቀበሌ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው በእግራቸው መጥተዋል። ካርድ አውጥተው አግዳሚው ላይ ተራ ሲጠብቁ ፀሐዩ በረታ። ስማቸው ተጠርቶ ሲገቡ ጤና መኮንኑ ዓይኑን ከካርዱ ላይ አላነሣም።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ራሴን፣ ልጄ። ይወቅረኛል። ደግሞም…»

«ስንት ቀን ሆነዎት?»

«ሦስት ቀን።»

«ትኩሳት አለዎት? ያስመልስዎታል?»

አካባቢው ወባ የሚያውቀው ቆላ ነው፤ ጥያቄዎቹ ስሕተት የለባቸውም። ደም ተወሰደ፣ ወባ የለም ተባለ፣ የራስ ምታት ኪኒን ታዘዘ። እናትየዋ ወረቀቱን በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ። «እግረ መንገዴን ልጠይቅህ ብዬ ነው… ይቺ ሳል እንኳ ከመኸር ወዲህ አልለቀቀችኝም።» ጤና መኮንኑ በዚያች ቅጽበት የሚቀጥለውን ስም እየጠራ ነበር።

ይህ ለማስረዳት ያሰናዳሁት ምሳሌ ነው። ይሁን እንጂ በጤና ጣቢያ የሠራም የታከመም ሰው ያውቀዋል። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል የአክታ ምርመራ እንደሚያስፈልገው ጤና መኮንኑ ጠንቅቆ ያውቃል። መመርመሪያውም መድኃኒቱም ቤቱ ውስጥ አለ። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ እናትየዋ የመጡበትን ጉዳይ አውጥተው የሚናገሩበት ፊት። ከራስ ምታቱ ጀርባ የተሸሸገው ሳል ከቤታቸው እስከ በሩ አብሯቸው መጥቶ፣ አብሯቸው ተመለሰ።

«ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላል ያገራችን ሰው፣ እንግዳ ስለመቀበል ሲናገር። በዚህ ምዕራፍ የምለው አንድ ነገር ነው፦ በሕክምናም ፊት የፍትፍቱ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ራሱ የፍትፍቱ ክፍል ነው። ደግሞም በተፈጥሮው ደግ ለሆነ ሰው ብቻ የተሰጠ ጸጋ አይደለም። የደም ግፊት መለካትን እንደምንማረው ሁሉ የምንማረው፣ የምንለማመደው፣ ስንሳሳትም የምናርመው ሙያ ነው።

ፊት ሲለካ

ለዚህ ማስረጃ የሚጠይቅ አንባቢ ትክክል ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ የሚሠራው ቴድ ካፕቸክ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት አሳተመ። በአንጀት መቆጣት የሚሠቃዩ 262 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ተራ እየጠበቁ ክትትል ብቻ ተደረገላቸው። ሁለተኛዎቹ የቻይና መርፌ ሕክምና የሚመስል፣ ግን ቆዳ የማይበሳ መርፌ ተደረገላቸው፤ ሐኪሙም በመጀመሪያው ቀን ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ፣ ብዙም ሳያነጋግራቸው ሥራውን ጨርሶ ወጣ። ሦስተኛዎቹም ያንኑ የማይበሳ መርፌ አገኙ፤ ነገር ግን ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን 45 ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ስለሕመማቸውና ስለኑሯቸው ጠየቀ፣ አዳመጠ፣ ዝም ብሎ አሰበ፣ ተስፋም ሰጠ።

ከ3 ሳምንት በኋላ «በቂ እፎይታ አግኝቻለሁ» ያለው ከመጀመሪያዎቹ 28፣ ከሁለተኛዎቹ 44፣ ከሦስተኛዎቹ 62 በመቶ ነበር። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት የመርፌ ልዩነት አይደለም። መርፌው አንድ ነው። ልዩነቱ ሰውየው ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ጥሩ ቃል የሳንባ ነቀርሳን ይገድላል» የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል። ተሕዋሲውን የሚገድለው መድኃኒቱ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ የሚሠራው ሲዋጥ ነው፤ ሰው ደግሞ ለወራት የሚውጠው ያመነው ሰው ሲሰጠው ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. 106 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ፣ አነጋገሩ ደካማ የሆነ ሐኪም የሚከታተላቸው ሰዎች ሕክምናቸውን በአግባቡ ያለመከተል ዕድላቸው በ19 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

ጤና ይስጥልኝ

ሰላምታችንን ልብ ብለን ሰምተነው እናውቃለን? አማርኛው «ጤና ይስጥልኝ» ይላል። በአሰቦት፣ በጭሮ፣ በሂርና ገበያ የሚሰማው ኦሮምኛ ደግሞ «አካም? ፈያ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ፈያ» ጤና ነው። ሱማሊኛው «ነበድ» ብሎ ሰላምን ያስቀድማል። በዚህ አገር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ እንኳ የሌላውን ጤና ሳይጠይቅ አያልፍም። ታዲያ ጤና ራሱ ሥራ በሆነበት ክፍል ውስጥ ሰላምታ ሲጠፋ ታካሚው የሚረዳው አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ቤት ሰው አልሆንኩም።

ሰላምታ የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው። ቀና ብሎ ማየት፣ ማስቀመጥ፣ በስም መጥራት፣ ራስን ማስተዋወቅ። ለትልቅ ሰው «እርስዎ»፤ በኦሮምኛ ለሚናገሩ «ኦቦ» ወይም «አዴ» ብሎ መጀመር። የባለሙያው ኦሮምኛ የተሰባበረ ቢሆን እንኳ ከታካሚው ቋንቋ የተወሰደች አንዲት ቃል ብዙ በር ትከፍታለች። ታማሚው ክርስቲያን ከሆነ «እግዜር ይማርዎ»፣ ሙስሊም ከሆነ «አላህ ያሽርዎ» ማለትም የሕክምናውን ደረጃ ዝቅ አያደርግም። ሌላው ደግሞ ቁጭ ማለት ነው። አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ያነጋገረ ሐኪም ቆሞ ካነጋገረው ብዙ የቆየ ሆኖ ለታካሚው እንደሚሰማ በአሜሪካ ሆስፒታል የተደረገ ጥናት አሳይቷል፤ በሰዓት የተለካው ጊዜ ግን አልረዘመም። የጎደለን ጊዜ ነው ለምንል ሰዎች ይህ የምሥራች ነው።

የዳጉ ጆሮ

በ1984 እ.ኤ.አ. ሃዋርድ ቤክማንና ሪቻርድ ፍራንክል የተባሉ አሜሪካውያን 74 የሕክምና ጉብኝቶችን በቴፕ ቀድተው አዳመጡ። ሐኪሞቹ የታካሚውን ንግግር በአማካይ በ18 ሴኮንድ ያቋርጡ ነበር። መናገር የጀመሩትን የጨረሱት ታካሚዎች 23 በመቶ ብቻ ናቸው። ያልተቋረጡት ደግሞ አብዛኞቹ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጨረሱ፤ ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ የወሰደ አንድም አልነበረም። «ከለቀቅኩት ቀኑን ሙሉ ያወራል» የሚለው ፍርሃታችን በልኩ ሲታይ ይህ ነው።

ማዳመጥን ለመማር ግን አሜሪካ መሄድ አያሻንም። የአሰቦት ቆላ ከአፋር ምድር ጋር የሚጎራበት ነው፤ አፋሮችም ዳጉ የሚባል ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ይቆማሉ፣ ብዙ ጊዜም ይቀመጣሉ፤ ያዩትንና የሰሙትን በተራ ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት በቀለ፣ ማን ታመመ፣ መንገዱ ደኅና ነው ወይ። አድማጩ አያቻኩልም፤ የሰማውን ለሚቀጥለው ሰው በትክክል ማድረስ አለበትና። ያጣመመ ሰው ክብሩን ያጣል። ልብ እንበል፦ በዳጉ ተቀባዩ በደንብ የሚሰማው ኃላፊነት ስላለበት ነው። ጤና ባለሙያም እንዲሁ ነው። የሰማው ነገር ወደ ካርድ፣ ወደ ላቦራቶሪ፣ አንዳንዴም በሪፈር ወረቀት ወደ ጭሮ ሆስፒታል ይሄዳል። የመጀመሪያው ሰሚ ካጣመመው ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጠማማ ነው።

የዳጉን ጆሮ ወደ ምርመራ ክፍል ስናመጣ ሦስት ልማድ ይሆናል። የመጀመሪያው፣ ታካሚው ትንፋሹን እስኪወስድ ብዕርን ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው፣ የሰሙትን መልሶ መናገር፤ «ራስ ምታቱ ሦስት ቀን ሆነው፣ ከዚያ በፊት ግን ድካም ነበረ፤ ልክ ሰማሁ?» ሦስተኛው ደግሞ አንዲት ቃል ናት፤ በምዕራፉ መጨረሻ እንመለስባታለን።

ሆድ ሲናገር

በአማርኛ ሆድ ምግብ ብቻ አይደለም የሚይዘው። ምስጢር የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው፤ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ያዘነ ሰው ሆዱ ይብሰዋል፣ የተጨነቀ ሰው «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ይላል። በኦሮምኛም «ገራ» ሆድ ነው፤ «ገራን ነ ጉበቴ»፣ ሆዴ ተቃጠለ፣ የሚል ሰው ስለጨጓራው ሳይሆን ስለሐዘኑ እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ልጇን ለቀበረች እናት የጨጓራ ሽሮፕ አዝዞ ይሸኛታል። እርሷም ትቀበላለች፤ ሐኪም ያዘዘውን እምቢ አይባልምና። «ሰውነቴን ይወረኛል»፣ «ልቤ ትር ትር ይላል» ሲባልም እንዲሁ ነው። አካሉ ይመረመራል፤ ግን ከምርመራው ጋር «ይህ ሲጀምርዎ ቤትዎ ውስጥ ምን ነበር?» የሚል ጥያቄ ይከተላል።

አስተርጓሚ የሚያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚቀናን ታካሚውን ይዞ የመጣውን ልጅ ማስተርጎም ነው። አያት ግን በልጅ ልጃቸው አፍ ስለማኅፀናቸው ሕመም አይናገሩም። ከባልደረቦች መካከል ቋንቋውን የሚችል፣ ቢቻል በጾታም የሚቀርብ ሰው ይፈለጋል። በአስተርጓሚ ሲነጋገሩም ዓይን ከታካሚው ላይ አይነሣም፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፤ «ንገራት» ሳይሆን በቀጥታ «እርስዎ» ይባል።

ምስጢር ደግሞ በትንሽ ከተማ ከባድ ጉዳይ ነው። በአሰቦት ካርድ የሚያወጣው ሰው የዕድር ጓደኛ፣ መርፌ የምትወጋው ነርስ የጎረቤት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ሕመሙ ከእርሱ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል ብሎ የሚሰጋ ሰው አፉን አይከፍትም። ስለዚህ በር መዝጋት፣ ሌላ ታካሚ ሳይወጣ ሌላውን አለማስገባት፣ በኮሪደር «የቲቢዋ ሴትዮ» ብሎ አለመጥራት፣ ባል ይዟት የመጣ ሚስትን ለአፍታ ለብቻዋ ማነጋገር፣ እነዚህ ሁሉ ጨዋነት ብቻ ሳይሆኑ የሕክምናው መሣሪያዎች ናቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን እንዲደበቅ ያደረገው ማን እንደሆነ ራሳችንን ብንጠይቅ ተረቱ እኛንም ይመለከታል።

ሳይፈርዱ መጠየቅ

ካርል ሮጀርስ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1957 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰውን የሚለውጥ ግንኙነት እንዲፈጠር ከረጂው የሚጠበቁ ሦስት ነገሮችን አስቀመጠ፦ የሌላውን ዓለም በእርሱ ዓይን ማየት፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ ማክበር፣ ራስን አለማስመሰል። የእኛ ቋንቋ የመጀመሪያውን ከጥንት ያውቀዋል። ሕመምተኛን መንከባከብን «ማስታመም» እንለዋለን፤ ቃሉ ከራሱ ከ«ታመመ» ሥር የወጣ ነው።

ሁለተኛው፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ ማክበር፣ በምዕራብ ሐረርጌ በጫት ጉዳይ ይፈተናል። ጫት እዚህ የማሳው ገቢ፣ የበርጫው ወዳጅነት፣ የሽማግሌዎች መጨዋወቻ ነው። የደም ግፊት ሕመምተኛን ግንባር ቋጥሮ «ትቅማለህ?» ብሎ የጠየቀ ባለሙያ «አልቅምም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ካርዱም በውሸት ይሞላል። «ብዙ ሰው እንደሚቅም አውቃለሁ፤ አንተ በቀን ምን ያህል ትቅማለህ? ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ማታ እንቅልፍስ ይወስድሃል?» ብሎ የጠየቀ ግን እውነቱን ይሰማል። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን እንደሚጨምር፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀንስ ማስረዳት የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ተግሣጽ በር ይዘጋል፤ ጥያቄ ይከፍታል።

በእምነትም እንዲሁ። ከከተማው በላይ የአሰቦት ደብረ ወገግ ገዳም ተራራው ላይ አለ፤ በዙሪያው ባሉ መንደሮች ደግሞ መስጊድ አለ። ወደ ጤና ጣቢያ ከመምጣቱ በፊት ጠበል የተጠመቀ፣ ዱዓ የተደረገለት ብዙ ነው። ይህን በንቀት የሰማ ባለሙያ ታካሚውን ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ያስገድደዋል፤ ሲመርጥ የሚቀረው ኪኒኑ ሊሆን ይችላል። ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ከጠበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ ያስተማሩት ይህን መንታ መንገድ ለመዝጋት ነበር። በረመዳንም ቢሆን «መድኃኒትዎን ስንት ሰዓት ይወስዱታል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በቀን አንዴ የሚዋጥ ኪኒን ለሱሑር ወይም ለፍጡር ሊዛወር ይችል ይሆናል፤ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ጾሙ ሳይገባ ቀደም ብሎ ሊመከር ይገባዋል። ያልተጠየቀ ታካሚ ግን በራሱ ውሳኔ ያቋርጣል።

የ6 ወር ወዳጅነት

የሳንባ ነቀርሳ የተለመደ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ 2 ወር በአራት ዓይነት መድኃኒት፣ 4 ወር በሁለት። ፈተናው በመካከሉ ነው። በጥቂት ሳምንታት ሳሉ ይቀንሳል፣ ምግብ ይበላል፣ ጉልበት ይመለሳል። «ድኛለሁ» ያለ ሰው ኪኒን ለመውሰድ ለምን ይመላለስ?

ኤድዋርድ ቦርዲን በ1979 እ.ኤ.አ. የሕክምና ትስስር ሦስት እግር አለው ብሎ ነበር፦ በግቡ መስማማት፣ በሥራው መስማማት፣ እርስ በርስ መተማመን። የባለሙያው ግብ ከተሕዋሲ የጸዳ አክታ ነው። የእናትየዋ ግብ ግን የማሽላ አጨዳ ሳይደርስ መነሣት፣ የልጅ ልጃቸውን ሳይፈሩ ማቀፍ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው የእርሳቸውን ግብ ጠይቆ ካወቀ ኪኒኑን ከእርሱ ጋር ያያይዘዋል፤ «ልጁን ያለ ሥጋት የሚያቅፉት ይህን ሳያቋርጡ ሲጨርሱ ነው።» ሥራውንም አብረው ያቅዳሉ፦ ጤና ኬላው ይቀርባል ወይስ ጤና ጣቢያው? ከብት ይዘው ሲሄዱስ?

ከመለያየታቸው በፊት ደግሞ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። «ገባዎት?» ከተባለ ሁሉም ሰው «አዎ» ይላል፤ ሐኪምን ላለማስቀየም። ይልቅ «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቅ፤ ቤት ሲገቡ ለልጅዎ እንዴት ብለው ይነግሩታል?» ቢባል ፈተናው የታካሚው ሳይሆን የባለሙያው ይሆናል። ተሳስተው ቢናገሩም የሚታረመው የእኛ ገለጻ ነው።

መርዶና «አይዞዎት»

ከባድ ዜና መናገርም በባህላችን ሥርዓት አለው። መርዶ ነጋሪዎች ማለዳ ይሄዳሉ፤ ዘመድ አስቀድሞ ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛው ለብቻው፣ በመንገድ ላይ አይነገረውም። በ2000 እ.ኤ.አ. ዋልተር ቤይልና ሮበርት ባክማን ከባልደረቦቻቸው ጋር ለካንሰር ሐኪሞች ያወጡት ባለ 6 ደረጃ መመሪያም ከቦታ ዝግጅት ይጀምራል፤ ከዚያም ታካሚው የሚያውቀውንና ማወቅ የሚፈልገውን ይጠይቃል። ከመርዶው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የሕመም ዜና ባለቤት በሕይወት አለ። ለወንድሙ ሹክ ብሎ እርሱን መደበቅ ብዙ ጊዜ በፍቅር የሚደረግ ነው፤ ሆኖም «ውጤቱን ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ? ከማን ጋር ሆነው?» ተብሎ ሊጠየቅ የሚገባው ባለቤቱ ነው።

«አይዞዎት» የምትለው ቃላችንም ጊዜ ትሻለች። ከሰሙ በኋላ ስትባል ትደግፋለች። ሳይሰሙ ስትባል ግን አፍ ታስይዛለች፤ ታካሚው ፍርሃቱን ሳይናገር ውይይቱ ይዘጋል። የሚያለቅስ ሰው ፊት ጥቂት ዝም ማለት ከፈጣን «አይዞዎት» የበለጠ አይዞዎት ነው።

አክባሪው ማነው?

የኢትዮጵያ ጤና ሥርዓት ይህን ጉዳይ ዘንግቶታል ማለት አይቻልም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞችን፣ በአብዛኛው ሴቶችን፣ መድቦ ሕክምናን ወደ ቤት ደጃፍ ወሰደ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 አልፏል። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተተገበረው የጤና ዘርፍ ዕቅድ ደግሞ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎቹ አንዱ አደረገው። በገጠር ኢትዮጵያ የተሠራ ጥናትም፣ ተገቢ ሥልጠና ያገኙ ተራ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ከአእምሮ ሕክምና ነርሶች ባላነሰ ውጤት መከታተል እንደሚችሉ አረጋግጧል። ሙያው ይለመዳል፤ ይሠራልም።

ግን አክባሪነትን በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት አንጠብቅ። በቀን በአሥሮች የሚቆጠር ሰው የሚያይ፣ ሌሊት ወላድ የሚያዋልድ፣ አለቃው የማያናግረው ባለሙያ፣ ያልተሰጠውን ክብር ለማን ይሰጣል? የባለሙያዎቹን ድካም የሚሰማ አስተዳደር፣ ከባድ ቀን ሲያልፍ ለአሥር ደቂቃ ሻይ ይዞ የሚመካከር ቡድን፣ እነዚህም የታካሚ ጉዳይ ናቸው። ባለሙያውም ልኩን ይወቅ፤ ሁሉንም አድናለሁ ብሎ ቃል መግባት፣ የሰውን ችግር ሁሉ ተሸክሞ ቤት መግባት ዘላቂ አይደለም። ማድረግ የምንችለውን በግልጽ መናገር፣ የማንችለውንም እንዲሁ፣ ራሱ አክብሮት ነው።

ሌላስ?

አሁን ወደ እናትየዋ እንመለስ። በ2007 እ.ኤ.አ. ጆን ሄሪቴጅና ባልደረቦቹ አንድ ትንሽ ለውጥ ፈተኑ። የአሜሪካ ሐኪሞች ታካሚውን ሰምተው ሲያበቁ የሚጠይቁት ጥያቄ በአንዲት ቃል እንዲቀየር አደረጉ፤ መልሱን «የለም» ወደሚለው ከሚገፋው አጠያየቅ «አለ» ወደሚጋብዘው። በዚያች ቃል ብቻ ሳይነገር የሚቀረው ጉዳይ በ78 በመቶ ቀነሰ። በእኛ ቋንቋ «ሌላ ችግር የለም አይደል?» ብለን ስንጠይቅ መልሱን አብረን ሰጥተናል። የሚጋብዘውን አጠያየቅ ደግሞ ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን፤ ወዳጅ ስናገኝ ከሰላምታው በኋላ የምንላት ናት።

ያን ቀን እንደገና እናስበው። ጤና መኮንኑ ወረቀቱን ከማንሣቱ በፊት ብዕሩን አስቀመጠ።

«አዴ፣ ራስ ምታቱን ሰማሁ። ሌላስ?»

እናትየዋ ጥቂት ዝም አሉ። ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ሌላማ… ይቺ ሳል ናት፣ ልጄ። የመጣሁትም ለእርሷ ነው።»